ከተሰበረው ወንበር አሥራ ሰባት እርምጃ

መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለችኩሌ፤

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ደረጃ ካልወጣሁ መኖሩን አያስታውሰኝም። የእንጨት ሥራ ቤቱም እንዳለ ነው። ደንበኞቼ ዛሬም "ጋሽ ልክ" ይሉኛል፣ እኔም ዛሬም ሁለት ጊዜ ሳልለካ አልቆርጥም።

የምጽፍልሽ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢው። እናትሽ ከማረፏ ስምንት ወር በፊት አንድ ደብዳቤ ልካልኝ ነበር። መልስ አልሰጠኋትም። ተኳርፈን ነበር። አንቺን ይዛ ወደ ባሕር ማዶ ልትሄድ ስትነሣ "ለጉዞ የሚሆን ሳጥን ሥራልኝ" አለችኝ። መሄዷን ስላልወደድኩት አልሠራም አልኩ። እልኸኛ ነሽ አልኳት። እሷም ልብሷን በካርቶን አሥራ፣ ካርቶኑን በገመድ ጠፍራ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ወሬያችን በሰው በኩል ሆነ።

በደብዳቤዋ ያለችው ይህ ነው፤ እንዳለ ገልብጬልሻለሁ። "በምሠራበት ደን ውስጥ አንድ ዛፍ ተክዬልሃለሁ። ከኩሬው ጀርባ፣ ከተሰበረው አግዳሚ ወንበር ወደ ግራ አሥራ ሰባት እርምጃ። ምን እንደሆነ አልነግርህም። ዓይንህን ጨፍን፤ ታውቀዋለህ።"

ልጆች ሳለን የአባታችን መላጊያ ከጣውላው ልጎ የጣለውን ፍቅፋቂ ታነሣና አፍንጫዬ ሥር ይዛ "ዓይንህን ጨፍን፤ ይሄ ምንድን ነው?" ትለኝ ነበር። አንድም ቀን ስቼ አላውቅም። ይህን ግን ሳልመልስላት ሞተች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

ስለዚህ ዛፉን ፈልጊልኝ። በየወቅቱ እየሄድሽ ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ የሚያፈራውን ላኪልኝ። ስሙን ሳውቅ መልሷን እጽፋለሁ፤ አንቺ ወስደሽ ዛፉ ሥር ታነቢላታለሽ። የደኑን ሰዎች ግን እንዳትጠይቂ። ጥያቄው የቀረበው ለእኔ ነው።

አጎትሽ

ጥቅምት 14 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልዎት። እኔ ደህና ነኝ፤ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍልም ደህና ነው፣ አንሶላው አላለቀም። በቀን ስድስት መቶ አንሶላ አጥፌ ማታ የራሴን አልጋ ሳላነጥፍ የምተኛ ሰው ነኝ።

ያለችኝ እሁድ ብቻ ናት። ያቺንም እሁድ ለርስዎ ዛፍ ሰጠኋት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያንን ደን አልወደውም። እናቴ በሳምንት ስድስት ቀን ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ሠርታ፣ ሰባተኛውን ቀን ደግሞ ለመዝናናት እዚያው ነበር የምትሄደው። እኔ ከጎረቤት ጋር እቀር ነበር። እሷ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ እግሬን አላስገባሁም፤ አሁን እርስዎ አስገቡኝ።

ሁለት አውቶቡስ ነው። በሩ ላይ ኮፍያ ያደረገ ጥበቃ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ካርታ የተለጠፈበት ሰሌዳ። ኩሬው አልጠፋኝም። የተሰበረ ወንበር ግን የለም፤ ሁሉንም ጠግነዋቸዋል። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ስዳብስ ቆይቼ አንደኛው ላይ ከሌሎቹ የነጣ አዲስ ጣውላ አገኘሁና እሱ ነው ብዬ ፈረድኩ። ወደ ግራ አሥራ ሰባት እርምጃ ሄድኩ። ዛፉ ትልቅ ነው፣ ቅጠሉን ልኬልዎታለሁ። አሁን ስሙን ይንገሩኝና ይህ ነገር ይለቅ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለችኩሌ፤

ሰላምሽ ይብዛ። በፖስታው ውስጥ ያገኘሁት ቅጠል አይደለም፤ መርፌ ነው። የጥድ ዘመድ ልከሽልኛል፤ እንጨቱ ጥፍር ሲነካው የሚሰረጎድ ለስላሳ ነገር ነው። እናትሽ ለወንድሟ ለስላሳ እንጨት የምትተክል ሴት አልነበረችም። ያ ደን የጠንካራ እንጨት ደን ነው ማለቷን ከሰው ሰምቻለሁ፤ አንቺ ከዚያ ሁሉ መካከል አንዷን ጥድ መርጠሽ አገኘሻት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ?

ስህተትሽን ልንገርሽ። የለካሽው በራስሽ እርምጃ ነው። አንቺ በአባትሽ ወጥተሽ ቀውላላ ነሽ። እናትሽ አጭር ነበረች፤ ስትራመድም እንቁላል የያዘች ነበር የምትመስለው። አሥራ ሰባቱን በእሷ እርምጃ ቁጠሪው።

ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ ሂጂ። አደራ።

አጎትሽ

ኅዳር 20 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ልክ ልኬን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። "ጋሽ ልክ" ስም ብቻ አይደለም ለካ።

ሄድኩ። ቅጠሉ መሬት ላይ ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው፤ ቡናማ፣ ቢጫ፣ ሲረግጡት የሚንኮሻኮሽ። አንድ ጫማዬ ውኃ አስገባ። ከወንበሩ ተነሥቼ እንደ እናቴ ተራመድኩ። ቦርሳዬን ሆዴ ላይ አቅፌ፣ ትከሻዬን ሰብስቤ፣ እግሬን እያጠጋጋሁ። የሚያልፉት ሰዎች ዞረው አዩኝ። አረማመዷን ይህን ያህል እንደማውቀው አላውቅም ነበር። አሥር ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ፤ ተናደድኩም። በእሷ ነው የተናደድኩት፤ አንድ ቀን "ነይ አብረን እንሂድ" ብትለኝ ምን ነበረበት?

አሥራ ሰባት ላይ አንድ ቀጭን ዛፍ አለ፤ ግንዱ የጭኔን ያህል ነው። እሱ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። በደረቴ ትክክል ሰማያዊ ጨርቅ ታስሮበታል። የእናቴ የሥራ ሽርጥ ነው፤ ያንን ሰማያዊ በሕይወቴ ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ዛፉ ሲወፍር ቅርፊቱ ጨርቁን ግማሽ ድረስ ውጦታል።

ቅጠሉን በመጽሐፍ ውስጥ አድርቄ ልኬልዎታለሁ። አሁንስ?

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 8 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ አንጀቴን አራስሽው። ቅጠሉን ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ በስፒል ሰቅዬዋለሁ። ዳር ዳሩ ክብ ክብ እየሆነ የገባ፣ አምስት ጣት ያለው ቅጠል። ስሠራ አየዋለሁ።

ስሙን ወደ መለየቱ ነኝ። ነገር ግን ቅጠል ብቻውን ያሳስታል፤ ብዙ ዛፍ አንድ ዓይነት ቅጠል ያወጣል። ቅርፊቱን ማየት አለብኝ። በጥፍርሽ ትንሽ አንሺለትና ላኪልኝ።

ደግሞ አንድ ነገር። ያ ጨርቅ አርጅቷል፤ በንፋስ ሲወልቅ ዛፉ ቅጠሉንም ካራገፈ ከጎረቤቱ አትለዪውም፣ እንደገና ጥድ ትልኪልኛለሽ። ቀይ ቀለም ግዢና ምልክት አድርጊበት። የዚህን ቤት ሕግ ታውቂዋለሽ፤ ሰጋቱራ ላይ እየተንከባለልሽ ነው ያደግሽው። በቀይ የተከበበ ጣውላ የተያዘ ነው፤ ባለቤት አለው፤ ማንም መጋዝ አያስጠጋበትም። በአርባ ዓመት ውስጥ ቀይ የከበብኩት እንጨት አንድም ቀን በስህተት ተቆርጦብኝ አያውቅም።

አጎትሽ

ጥር 3 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ደኑ ራቁቱን ቀርቷል፤ ከኩሬው ማዶ ያለው መንገድ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ሰው አልነበረም፤ ጥበቃው እንኳ ከጎጆው አልወጣም።

እንዳሉት አደረግሁ። ከሥራ ቦታዬ የጥገና ሠራተኛ ለቧንቧ የሚቀባውን ቀይ ለምኜ በጣሳ ወስጄ ዛፉን ዙሪያውን ከበብኩት። ጨርቁ በቀለሙ መሃል ገብቶ ስላስቸገረኝ በላዩ ላይ ቀባሁበት። እጄ ሦስት ቀን አልጸዳ አለ፤ አለቃዬ "ነጭ አንሶላ በዚህ እጅ ልትነኪ ነው?" አለችኝ። ለእንጨት ብዬ ነው ብላት ማን ያምነኛል።

ቅርፊቱ እነሆ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፣ እንዳይቆጡኝ። ያውቁታል ወይስ አያውቁትም? መርፌዋን እንዳዩ ለስላሳ ናት አሉ። ይሄኛውን ግን አንዴ ቅጠል፣ አንዴ ቅርፊት ይሉኛል። እኔ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኛል።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 25 ቀን

ይድረስ ለችኩሌ፤

በያለሽበት ሰላም ሁኚ። ቅርፊቱ ደርሶኛል። ጥሩ ቅርፊት ነው።

አውቀዋለሁ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ከመላጊያ ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ይህን ጥያቄ ከደንበኛ ብሰማው ኖሮ ወንበሩን ሳልጨርስለት እመልሰው ነበር። ከአንቺ ስለሆነ አልፌዋለሁ።

እንዳልሳሳት ብዬ ነው እንጂ ደርሼበታለሁ። አበባው ሲወጣ ይለይለታል። ብርዱ ሲለቅ አበባውንና አዲሱን ቅጠል ላኪልኝ። እስከዚያም ስለ ዛፉ ጻፊልኝ፤ ወፍ ይቀመጥበታል? ቁመናው ቀጥ ያለ ነው? ስለ እሱ ስታወሪ እህቴ ከጎኑ የቆመች ይመስለኛል።

አጎትሽ

መጋቢት 12 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ደህና ነሽ ወይ? ሰባት ሳምንት ሆነ። በየማለዳው ሰልፍ ሳይጀመር ፖስታ ቤት እቆማለሁ። ፀሐፊዋ ገና ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አሁን አሁን ከበር ነው የምመለሰው።

ታመሽ ከሆነ ንገሪኝ። ተቀይመሽም ከሆነ ንገሪኝ። እኔ በዝምታ አንድ ሰው አጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልፈልግም።

አጎትሽ

ሚያዝያ 10 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

እንደምን አሉልኝ? ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

ደኑ አረንጓዴ ሆኗል። ሰው በዝቷል። ኩሬው ላይ ዳክዬዎች አሉ። አዲሱን ቅጠል ልኬልዎታለሁ። አበባ አላየሁም፤ ምናልባት አልፎ ይሆናል።

ለጤናዎ ይጠንቀቁ።

የእህትዎ ልጅ

ሚያዝያ 29 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬን አላስቀርብሽም፤ ቁጣዬን ግን ችዬ መቅረት አልቻልኩም።

የላክሽውን ቅጠል ግድግዳው ላይ ካለው ጋር ጎን ለጎን ሰቀልኩት። የመጀመሪያው ዳሩ ክብ ነው። ይሄኛው ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ይሄ የእኔ ዛፍ ቅጠል አይደለም። ደኑ ድረስ መሄድ አቅቶሽ ከደጃፍሽ የቀጠፍሽው መሆን አለበት። ዳክዬ አለ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ዳክዬ ምን ያደርግልኛል? ዳክዬ የጠየቀሽ ማነው?

ልለምንሽ አልፈልግም ነበር፤ ግን እየለመንኩሽ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አንድ መልስ ሰጥቼ ልረፍ። ለአንቺ አንድ እሁድ ነው፤ ለእኔ ግን እህቴ ናት። ሰልችቶሽ ከሆነ ሰልችቶኛል በይኝ፤ ሐሰተኛ ቅጠል ግን አትላኪልኝ።

አጎትሽ

ግንቦት 18 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ዛፉ የለም። ተቆርጧል።

የካቲት ውስጥ ነው ያወቅሁት። ጥር ላይ የጻፉልኝ ሲደርሰኝ ስለ ቁመናው ልጽፍልዎት ብዬ ሄድኩ። እንደ እናቴ እየተራመድኩ አሥራ ሰባት ቆጠርኩ፤ ቀና ስል ጉቶ ነው። ዙሪያው ሰጋቱራ ነበር፤ ሽታውን ሳላስበው የርስዎ ቤት መጣብኝ። እየሮጥኩ ወደ ጥበቃው ሄድኩ። ማን ቆረጠው ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው እስክጨርስ ጠብቆ አስረዳኝ። በየዓመቱ በብርዱ ወር ደኑን ያሳሳሉ። በቀይ የተከበበ ይቆረጣል። ሠራተኞቹ መጡ፣ ቀዩን አዩ፣ ቆረጡ።

ይህ ብቻ ቢሆን ነግሬዎት ነበር። ጥበቃው ደግሞ ምን አለኝ፣ "የማይነካው ዛፍ ሰማያዊ ጨርቅ ይታሰርበታል። የዚህኛው ሰማያዊ የት ሄደ?" አለኝ።

እናቴ ምልክቱን አድርጋበት ነበር፣ አጎቴ። እዚያው ቤት የሠራች ሴት ናት፤ ሕጋቸውን ታውቃለች። ከሽርጧ ቀዳ አሰረችበት፤ አሥራ አምስት ዓመት ጠበቀችው። በላዩ ላይ የቀባሁበት እኔ ነኝ። ቀይ አድርጊ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እኛ ግን መጋዙን ራሳችን ጠራነው።

ቅጠሉን ከጎኑ ካለው ዛፍ ነው የቀጠፍኩት። እንደሚያውቁብኝ ልቤ ያውቅ ነበር። ምን ልበልዎት? ሦስት ወር ሙሉ በየሌሊት ፈረቃው አንሶላ እያጠፍኩ ዓረፍተ ነገሩን ስጀምርና ስተወው ከረምኩ። በእርስዎም ተናድጃለሁ። አርባ ዓመት የሠሩበትን የራስዎን ሕግ ላላዩት አገር ላኩት። እኔም ሳልጠይቅ ፈጸምኩት። ልብ ብዬ ባየው ኖሮ፣ እዚያ ደን ውስጥ ስንት ሰማያዊ ጨርቅ ታስሮ ነበር።

ከግንዱ ጨርቁ ያለበትን ቁራጭ ጥበቃው ከክምሩ ፈልጎ በመጋዝ ቆርጦ ሰጠኝ። የካውያ ያህል ይከብዳል። ከአልጋዬ ሥር ነበር። ዛሬ በፖስታ ልኬልዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልልም፤ የሚገባኝ አይመስለኝም።

የእህትዎ ልጅ

ሐምሌ 24 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለልጄ፤

ሰላምታዬ ከነሙሉ ልቤ ይድረስሽ። ምሕረትም ከእኔ ዘንድ ያንቺ ነው፤ ከእናትሽ ዘንድ ያለውን ለሁለታችንም እሷ ታውቃለች።

ደብዳቤሽን ሳነብ የመጀመሪያ ነገሬ ቁጣ ነበር፤ አልዋሽሽም። ቀይ ጠመኔዬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ወረወርኩት። ሁለት ሳምንት ሥራ ቤቱን ዘግቼ ሰነበትኩ። ጎረቤቶቼ ታሟል አሉ። ጥቅሉ ደርሶ ከበሩ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ መፍታት አልደፈርኩም።

ከዚያ አንድ ማለዳ ፈታሁት። ቁራጩን ሞርሳው ላይ አሠርኩትና መላጊያዬን ሳብኩ። መላጊያው ተንሸራቶ አለፈ እንጂ አልነከሰም። ምላጩን ስዬ ደገምኩ፤ ከለከለኝ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ቀጭን ፍቅፋቂ ተጠቅልላ ወጣች። አንሥቼ አፍንጫዬ አጠገብ ያዝኳት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ልጄ፣ ወዲያው አወቅሁት።

አሁን እኔም የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ቅጠሉን ስታሳዪኝ፣ ቅርፊቱን ስትልኪልኝ አላውቀውም ነበር። አንዱንም አላወቅሁም። አበባውንም ብትልኪልኝ አላውቀውም ነበር። በሕይወቴ ዛፍ አውቃለሁ ስል የኖርኩ ሰው፣ ለካ የማውቀው እንጨት ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ደርቆ ነው፤ በቁሙ አይቼው አላውቅም። ይህን ለአንቺ መናገር አፍሬ አንዴ ቅርፊት አንዴ አበባ እያልኩ አመላለስኩሽ። ጥርጣሬሽን በጻፍሽልኝ ቀን እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ ጉዳዩ ያኔ ያበቃ ነበር። ቀለሙ ግን ቀድሞ ተቀብቶ ነበር፤ እሱን አልሸሸውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ሕጌን አልለቅ አልኩ።

ያ እንጨት በአባታችን ዘመን ከባሕር ማዶ በጣውላ ይመጣ ነበር። ሳይበሱት ሚስማር አይገባበትም፤ መላጊያ ይመልሳል፤ ዓመት ከርሞ አይጣመምም። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ በቤታችን የራሳችንን ስም ሰጠነው። እናትሽም ታውቀዋለች። ስሙን ከዚህ ጋር በታሸገው ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፤ እዚያ ስትደርሺ ክፈቺው።

ከቁራጩ አንዲት ሳጥን ሠርቼ ልኬያለሁ፤ ከመዳፍ አትበልጥም። ሚስማር የለባትም፣ ጥርስ በጥርስ ነው የገጠምኳት። ለአንዲት ጥግ አንድ ቀን ፈጀሁ። እንጨቱን ስሰነጥቅ ቅርፊቱ ከዋጠው ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ጨርቅ ወጣ፤ ቀለምሽ አልደረሰበትም፣ እንደ ሰማያዊነቱ ነው። ምን እንደማደርገው ስላላወቅሁ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

አጎትሽ

መስከረም 18 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

ጤናና ሰላም ከእርስዎ አይለዩ። ሳጥኗ ሳትጫር ደረሰችኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ከፍተው ዘጓት፤ ክዳኑ ሲገጥም የሚሰማው ድምፅ አስገረማቸው።

እሁድ ሄድኩ። ቅጠሉ ዳር ዳሩን ቢጫ መሆን ጀምሯል። ከወንበሩ እንደ እናቴ ተራምጄ ጉቶው ላይ ተቀመጥኩ። ሳጥኗን ጭኔ ላይ አድርጌ ወረቀቱን ከፈትኩ። አራት ገጽ ይሆናል ብዬ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤

"እህቴ፤ እልኸኛ ነው። ሳጥንሽ ይኸው።"

ሌላ ነገር አለ ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ አየሁ። ከዚያ ገባኝ። እርስዎ በቁጣ የጣሉባትን ቃል ይዛው ሄዳ ተክላዋለች። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ እሷን ግን ዛፍ አስተከላት። ሳቅሁ፤ ከዚያ ማልቀስ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ በሁለታችሁም ተናደድኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ለአንዲት ቃል! እኔ መሃል ላይ ስንት እሁድ ከጎረቤት ጋር ቀረሁ።

ጥበቃው ድምፅ ሰምቶ መጣ። በእጁ ትልቅ መቀስ ይዟል። ያን ጊዜ ነው ዝቅ ብዬ ያየሁት። ከጉቶው ሥር አቆጥቁጧል፤ ሦስት ቀንበጥ፣ ትልቁ እርሳስ ያህላል። ቅጠላቸው ዳሩ ክብ ነው። ሰውየው ከሌላው ጋር ሊያጸዳቸው ነበር የመጣው። ሁለቱን ይቁረጥ፣ ትልቁን ይተውልኝ አልኩት። ምልክት ከሌለው ለሠራተኞቹ ኃላፊነት አልወስድም አለኝ። ሳጥኗን ከፍቼ ሰማያዊዋን ጨርቅ አወጣሁ። ሁለት ጣት ናት፤ ለግንድ አትበቃም ነበር፤ ለእርሳስ ግን በቃች። ልልት አድርጌ ነው ያሰርኳት፤ ቢወፍርም አታንቀውም።

ጥበቃው ደብተሩን አወጣ። በሰማያዊ የታሰረ ሁሉ የባለቤቱ ስም ይመዘገባል። "የማን ነው?" አለኝ። የአጎቴ ነው አልኩት። እዚህ የለም፣ ሩቅ ነው ያለው፤ እስኪመጣ እኔ እያየሁለት ነው አልኩት። ጻፈው።

የዛፉንም ስም በራሳቸው ቋንቋ ነገረኝ፤ ረጅም ነው፣ አልጻፍኩትም። ቅጠልም አልላክሁልዎትም፤ ብልክም አያውቁትም።

የእህትዎ ልጅ
ችኩሌ